ከዶሮው በፊትና ከዶሮው በኋላ

የበዓል ገበታ ሲታሰብ ሁላችንም ዘንድ ቀድሞ የሚመጣው ዋናው ምግብ ነው። ዶሮው ተገዛ ወይ? ቅቤው ተነጠረ ወይ? ሽንኩርቱ ስንት ኪሎ ይበቃል? የቤቱ ወጪም ድካምም እዚያ ላይ ያልቃል። ከዋናው ምግብ በፊት ምን እንደሚቀርብና ከእሱ በኋላ ምን እንደሚከተል ግን ብዙ ጊዜ የሚወሰነው በመጨረሻው ሰዓት ነው። ሳምቡሳ ይታዘዛል፣ ለስላሳ በሳጥን ይገባል፣ ኬክ በካርቶን ይመጣል። በቅቤ የከበደው ማዕድ ላይ ከፊቱም ከኋላውም ሌላ ክብደት ይጫንበታል።

በነርስነት ከሠላሳ ዓመት በላይ ሠርቻለሁ። የበዓል ማግስት ተረኛ የሆነ ባለሙያ የሚያየውን ያውቃል። ጨጓራው የነደደ፣ ሆዱ ተነፍቶ ሌሊቱን ሲገላበጥ ያደረ፣ ግፊቱ የጨመረ፣ ስኳሩ የወጣ ይመጣል። የሐሞት ከረጢት ጠጠር ያለበት ደግሞ ቅባት በበላ በጥቂት ሰዓት ውስጥ ከቀኝ ጎድኑ ሥር ይዞት እያቃሰተ ይገባል። አብዛኞቹን "ምን በሉ?" ብላችሁ ብትጠይቋቸው መልሳቸው ዶሮ ወጥ ወይም ክትፎ ብቻ አይደለም። "ከሱ በፊት ሳምቡሳ ነበር፤ ከሱ በኋላ ኬክ ተቆረሰ፤ መሃል መሃል ላይ ለስላሳ ጠጣሁ" ይላሉ።

ዶሮ ወጣችሁን ተዉ ልላችሁ አይደለም የተነሳሁት። በዓመት ጥቂት ቀን የሚመጣ ደስታ ነው፤ እኔም እሠራለሁ፣ እኔም እበላለሁ። ማለት የምፈልገው ዋናው ምግብ ከባድ ከሆነ መክፈቻውና መዝጊያው ቀላል ይሁኑ ነው። ይህ ገንዘብ አይጨምርም፤ እንዲያውም ይቀንሳል።

ለምን ይከብደናል?

ስብ ከጨጓራ ቶሎ የማይወጣ ምግብ ነው። አንድ ግራም ስብ 9 ካሎሪ ሲሰጥ፣ አንድ ግራም ስኳር ወይም ፕሮቲን የሚሰጠው 4 ካሎሪ ነው። አንድ የሾርባ ማንኪያ የተነጠረ ቅቤ ብቻውን ከ100 ካሎሪ በላይ አለው። በወጡ ውስጥ ስንት ማንኪያ እንደሚገባ የምታውቁት ባለሙያዎቹ ናችሁ። በቅቤ የተሠራ ምግብ ጨጓራ ውስጥ ረዘም ላለ ሰዓት ይቆያል። በላዩ ሌላ ቅባት ስንጨምርበት ይብሳል፤ ቃር የሚመጣው፣ ትንፋሽ የሚያጥረው፣ እንቅልፍ የሚከለክለው ያኔ ነው።

በጣፋጩ በኩል ደግሞ 330 ሚሊ ሊትር የሚይዝ አንድ ኮላ 35 ግራም ገደማ ስኳር አለው፤ ስምንት ወይም ዘጠኝ የሻይ ማንኪያ ማለት ነው። ሻያችሁ ውስጥ ስምንት ማንኪያ ስኳር ጨምሩ ብትባሉ ትደነግጣላችሁ። ለስላሳው ሲሆን ግን ማንም አይቆጥረውም፤ እንግዳው ደግሞ ሁለት ይጠጣል።

ከሁዳዴ መውጫ ላይ ነገሩ የበለጠ ጥንቃቄ ይፈልጋል። 55 ቀን ከሥጋ፣ ከእንቁላልና ከቅቤ የራቀ ሆድ በአንድ ሌሊት ሁሉንም አንድ ላይ ሲያገኝ ቢያጉረመርም አይገርምም።

መክፈቻና መዝጊያ ከውጭ የመጣ አይደለም

አንዳንድ ሰው "የምግብ መክፈቻ" ሲባል የሆቴል ወግ ይመስለዋል። እንጀራ ጋጋሪ ግን ምጣዱ እንደሰማ ሙሉ እንጀራ አታሰፋም፤ መጀመሪያ ትንሽ ማሟሻ ታወጣለች። ሆድም እንደዚያው ማሟሻ ይፈልጋል።

በእናቴ ቤት የፋሲካ ሌሊት ከቤተ ክርስቲያን መልስ መጀመሪያ የሚቀርበው ዶሮው አልነበረም፤ ተልባ ነበር። ተልባው ለስለስ ተደርጎ ተቆልቶ፣ ተወቅጦ፣ በውኃ ተበጥብጦና ተጠልሎ በትንሽ ብርጭቆ ይታደላል። እናቴ "ሆድ ያለሰልሳል" ትል ነበር። በኋላ ትምህርት ቤት ገብቼ ስማር ተልባ በውኃ ሲበጠበጥ የሚያወጣው ልጋግ የሚሟሟ አሰር መሆኑን፣ ድርቀትን እንደሚያስታግስና ስኳር ወደ ደም የሚገባበትን ፍጥነት እንደሚያዘገይ ተረዳሁ። አንድ ነገር ልጨምር፤ መድኃኒት ከተልባ ጋር አንድ ላይ አይዋጥ፤ በመካከላቸው አንድ ሁለት ሰዓት ይሁን።

ሙስሊም ጎረቤቶቻችንም በረመዳን ፆም ሲፈቱ ሁለት ሦስት ፍሬ ተምርና ውኃ ይቀምሳሉ፤ ሾርባ ይጠጣሉ፤ ሶላት ሰግደው ወደ ዋናው ምግብ ይመለሳሉ። ይህ መሃል ላይ ያለው እረፍት ለሆድ ትልቅ ነገር ነው። ሳምቡሳው ሲበዛ ግን እዚያም ክብደቱ ይመለሳል።

መዝጊያውም ቢሆን አለን። ከምግብ በኋላ የሚፈላው ቡና የራሱ ቁርስ አለው፤ ቆሎ፣ ፈንድሻ፣ ቁራሽ ዳቦ። ኬክ ገበታችን ላይ የመጣው በቅርብ ነው።

ደንቡ አንድ ነው

ልጆቼ ምግብ ዝርዝር ሲያወጡ የምነግራቸው ነገር አጭር ነው፤ ዋናው ምግብ ውስጥ ያለውን በፊትም በኋላም አትድገሙት። ዋናው ቅባት ከሆነ፣ መክፈቻው ውኃማና ኮምጠጥ ያለ ይሁን። ዋናው ሥጋ ከሆነ፣ መክፈቻው ውስጥ ሥጋ አይግባ። ዋናው ላዛኛ ወይም ሩዝ ከሆነ፣ በፊቱ ዳቦ በኋላው ኬክ አያስፈልግም። ይህንን በየማዕዱ እንየው።

ዶሮ ወጥ ሲሆን። ወጡ ውስጥ ቅቤም እንቁላልም በርበሬም አለ። ስለዚህ በማዮኔዝ የተለወሰ የድንችና የእንቁላል ሰላጣ ከፊቱ ቦታ የለውም። ትንሽ ብርጭቆ ተልባ ወይም በሎሚ የታሸ ቅጠል ሰላጣ ይበቃል። ከጎኑ አይብ አይጥፋ። አይብ የሚወጣው ቅቤው ከተናጠ በኋላ ከሚቀረው አሬራ በመሆኑ ስቡ ትንሽ ነው፤ በርበሬውንም ያበርዳል። መዝጊያው ሎሚ የተጨመቀበት ፓፓያ ወይም ብርቱካን ቢሆን አፍን ከቅባቱ ያጸዳል።

ክትፎ ወይም ጥብስ ሲሆን። ክትፎን ከአይብና ከጎመን ጋር ያጣመሩት አባቶችና እናቶች ሚዛኑን ቀድመው ያውቁታል። እኛ ግን ጎመኑን ለመልክ ያህል ጥግ ላይ አስቀምጠን ክትፎውን ብቻ እንጨርሳለን። ጎመኑ በዛ ይበል። ከፊቱ ሥጋ የሌለበት ቀጠን ያለ የአትክልት ሾርባ ይቅረብ፤ የሥጋ ሳምቡሳ አይቅረብ። ለነፍሰ ጡር፣ ለሕፃናትና ለአረጋውያን ሥጋው በደንብ ይብሰል፤ የኮሶ ትልም ሌላም በሽታ በጥሬ ሥጋ ይመጣልና። መዝጊያው አናናስ ቢሆን ይስማማዋል። ከክትፎ በኋላ አቮካዶ ጁስ ግን ሁለተኛ ምሳ ነው፤ አቮካዶ መልካም ፍሬ ቢሆንም ራሱ ቅባት አለው፤ በላዩ ስኳር ሲገባበት ደግሞ አስቡት።

ላዛኛ፣ ፓስታ ወይም ሩዝ ሲሆን። የልደትና የምርቃት ቡፌ ላይ ሦስቱም ጎን ለጎን ይቀርባሉ። አንዱ ብቻ ይመረጥ። መክፈቻው ቲማቲም፣ ቃሪያና ሽንኩርት በሎሚ ወይም በአቼቶ ይሁን። አትክልቱንና ሥጋውን አስቀድሞ፣ ዳቦውንና ፓስታውን በመጨረሻ መብላት ከምግብ በኋላ የሚመጣውን የስኳር መጠን እንደሚቀንስ በጥናት የታየ ነው። ስለዚህ የስኳር ሕመም ያለበት ሰው ሰላጣውን ለመጀመሪያ ማድረጉ ጠቃሚ ነው። የልደት ቀን ከሆነ ኬኩ አይቀርም፤ ቁራሹ ግን ሁለት ጣት ያህል ይሁንና ከጎኑ ፍራፍሬ ይቀመጥ።

የጾም ማዕድ ሲሆን። "የጾም ስለሆነ ቀላል ነው" የሚለው አባባል ብዙ ሰው ያሳስታል። አንድ የሾርባ ማንኪያ ዘይት 120 ካሎሪ ገደማ አለው፤ ከቅቤ አያንስም። ምስሩም፣ ሽሮውም፣ ጥቅል ጎመኑም፣ ፎሶሊያውም በዘይት ከተሠሩ መክፈቻው የተጠበሰ የምስር ሳምቡሳ መሆን የለበትም። ሱፍ ፍትፍትም ቢጥምም ቅባታም ነው፤ በትንሹ ይቅረብ። ከፊት የተቀቀለ ቀይ ሥር በሎሚ፣ ከኋላ ብርቱካን ወይም ዘይቱን ጥሩ ነው። እነዚህ ፍሬዎች ውስጥ ያለው ቫይታሚን ሲ ደግሞ በምስሩና በሽሮው ውስጥ ያለው ብረት ወደ ሰውነት እንዲገባ ያግዛል።

መድኃኒት የሚወስዱ ታላላቆች

ይህን ክፍል በተለይ ወላጆቻቸውን በበዓል ቤታቸው የሚጠሩ ልጆች ልብ ብለው እንዲያነቡልኝ እፈልጋለሁ።

ጡረታ ከወጣሁ በኋላ አንድ ጎረቤት ቤት ክርስትና ተጠርቼ ነበር። ምግቡ ለስድስት ሰዓት ተብሎ እንግዳ ሳይሟላ፣ ማዕዱን የሚባርኩት አባት ሳይደርሱ ስምንት ሰዓት ሆነ። ከፊቴ የተቀመጡ አንድ ትልቅ ሰው ግንባራቸው ላይ ላብ ወጣ፤ እጃቸው ይንቀጠቀጣል፤ ሲያናግሯቸው መልሳቸው ይዘገያል። ልጃቸው "ሙቀቱ ነው" አለች።

"ጋሼ፣ የስኳር መድኃኒት ይወስዳሉ?" አልኳቸው።

"ጠዋት ውጫለሁ ሲስተር። ከዚያ በኋላ ግን ምሳው ደርሷል ብዬ ምንም አልቀመስኩም።"

አራት የሻይ ማንኪያ ስኳር በግማሽ ብርጭቆ ውኃ በጥብጠን አጠጣናቸው። በሩብ ሰዓት ውስጥ ፊታቸው ተመለሰ፤ ከዚያ ቁራሽ ዳቦ በሉ። ከሰዓት በኋላም ሐኪም ቤት ሄደው ታዩ።

እንደ ግሊቤንክላማይድ ያሉ እንክብሎችና ኢንሱሊን ምግብ ካልተከተላቸው ስኳርን ከልክ በታች ያወርዳሉ። የበዓል ምሳ ደግሞ መዘግየቱ የተለመደ ነው። ስለዚህ ቀላሉ መክፈቻ ለእነዚህ ሰዎች ከጨዋነት በላይ ነው። እንግዳ ሁሉ እስኪሟላ ሳይጠበቅ፣ በለመዱት የምሳ ሰዓት አንድ ጭልፋ የምስር ወይም የአጃ ሾርባ ከቁራሽ ዳቦ ጋር ይቅረብላቸው። "ባርኮት ሳይደርስ እንዴት እቀምሳለሁ?" የሚሉ አሉ፤ የታመመ ሰው ቀድሞ ቢቀምስ የሚከፋ አባት አላየሁም። የመድኃኒቱን መጠን በራስ መቀነስ ወይም መዝለል ግን አይገባም፤ እሱ ከሐኪም ጋር የሚመከርበት ነገር ነው። ራሱን ለሳተ ሰው ደግሞ በአፉ ምንም አይሰጥም፤ በጎኑ አስተኝቶ ወዲያው ወደ ጤና ተቋም መውሰድ ነው።

የደም ግፊት ላለበት ሰው ዋናው ነገር ጨው ነው። የዓለም ጤና ድርጅት ለአዋቂ ሰው በቀን ከ5 ግራም ያነሰ ጨው ይመክራል፤ ይህም ከአንድ የሻይ ማንኪያ በታች ነው። ወጡ ጨው ካለው ሾርባው ባይኖረው ይሻላል። የሾርባ ኪዩብም ጨው መሆኑ አይዘንጋ። ግሬፕፍሩት የተባለው ፍሬ ከአንዳንድ የግፊትና የኮሌስትሮል መድኃኒቶች ጋር ስለማይስማማ፣ መድኃኒት ለሚወስዱ እንግዶች ብርቱካን ብታቀርቡ ትተርፋላችሁ። የኩላሊት ሕመምተኛ ደግሞ ሙዝ፣ ብርቱካን፣ አቮካዶና ቲማቲም ሊከለከል ይችላልና ሐኪሙ የነገረውን ቀድማችሁ ጠይቁት።

ለልጅ ልጆቻችን

ልጆች ምሳ የማይበሉት ብዙ ጊዜ ከምሳው በፊት በለስላሳና በብስኩት ስለሚጠግቡ ነው። ለስላሳው ከፊታቸው ይነሳ፤ ውኃ ይቅረብ። ካሮት ቀቅሎ በጣት ልክ ቆርጦ ማስቀመጥ፣ ከእሱ ጋር ትንሽ አይብ ማድረግ ይበቃቸዋል። ቆሎ፣ ለውዝና ፈንድሻ ከአምስት ዓመት በታች ላሉ ልጆች አይሰጥ፤ ወደ አየር ቧንቧ ገብቶ ያንቃል። ቡና ሲፈላ ልጅ ከረከቦቱ ጥግ ሆኖ ቆሎ ሲዝቅ ዝም ብላችሁ አትዩ። ዓመት ላልሞላው ሕፃን ማርም አይቀመስ።

"ይህንን ከጨረስክ ኬክ ትበላለህ" የሚለውን ቃል ብንተወው ደስ ይለኛል። ልጁ ምግቡን እንደ ቅጣት፣ ጣፋጩን እንደ ሽልማት ይቆጥረዋል። አያቶች በዚህ በኩል እጃችን ቶሎ ይፈታል። ከረሜላ ከምናድላቸው ማንጎ ልጠን ብንሰጣቸው እንደዚያው ይወዱናል።

ቡናውስ?

ቡናና ሻይ ከምግብ ጋር ወይም ወዲያው ከምግብ በኋላ ሲጠጡ በምግቡ ውስጥ ያለው ብረት ወደ ሰውነት እንዳይገባ ያውካሉ። ደም ማነስ ያለባት ሴት፣ ነፍሰ ጡር፣ የብረት እንክብል የምትወስድ ሁሉ አንድ ሰዓት ያህል ብትቆይ ይመረጣል። ይህ ደግሞ ለባለቤቲቱ ይመቻል። ገበታው ተነሥቶ፣ ፍራፍሬው ቀርቦ፣ ጨዋታው ደርቶ፣ ቡናው ቀስ ብሎ ይቆላል። እስኪፈላ ሰዓቱ ይሞላል።

ሁለት ቀላል አሠራሮች

የአትክልት ሾርባ ለስድስት ሰው። ሁለት ካሮት፣ አንድ ዙኩኒ፣ አንድ መካከለኛ ድንችና አንድ ራስ ሽንኩርት በትንንሹ ይከተፋል። አንድ ሊትር ተኩል ውኃ ውስጥ ከሁለት ፍልቃቂ ነጭ ሽንኩርት ጋር ግማሽ ሰዓት ያህል ይቀቀላል። ግማሽ የሻይ ማንኪያ ጨው ይበቃዋል። ከእሳት ሲወርድ የግማሽ ሎሚ ጭማቂ ይጨመርበታል። ዘይት አያስፈልገውም። በሻይ ብርጭቆ ወይም በትንሽ ጎድጓዳ ሳህን ከዋናው ምግብ ሩብ ሰዓት ቀደም ብሎ ይቀርባል። በትልቅ ሳህን ከቀረበ መክፈቻነቱ ይቀርና ራት ይሆናል።

የፍራፍሬ ሰሃን ለስድስት ሰው። አንድ መካከለኛ ፓፓያ፣ ሁለት ብርቱካንና አንድ ማንጎ ሳይቆረጡ በፊት ልጣጫቸው በንጹሕ ውኃ ይታጠባል። ከዚያ ተልጠው ይቆራረጡና የአንድ ሎሚ ጭማቂ ይፈስባቸዋል። ስኳር አይጨመርም። የተቆረጠ ፍራፍሬ ተከድኖ ፍሪጅ ይቀመጥ፤ ፍሪጅ ከሌለ ሊቀርብ ሲል ይቆረጥ። ውጭ ከሁለት ሰዓት በላይ መቆየት የለበትም። ጥርስ ለሌላቸው አያቶች ፓፓያውን በማንኪያ ደቀቅ አድርጎ መስጠት ነው። ጨምቆ ጁስ ማድረግ ግን አሰሩን ያሳጣል፤ ሳይታወቅም የሦስት ሰው ፍሬ በአንድ ብርጭቆ ያስጠጣል።

ሰላጣ የምትሠሩ ከሆነ ቅጠሉ አንድ በአንድ ተገንጥሎ በንጹሕ ውኃ ደጋግሞ ይታጠብ። ያልታጠበ ሰላጣ ከሳምቡሳው የባሰ ጣጣ ያመጣል።

"በበዓል ቅጠል ታበላለች" ቢሉስ?

ይሉ ይሆናል። ቀላል መክፈቻ የንፉግነት ምልክት የሚመስለው እንግዳ አለ። ባለቤቲቱ ሾርባውን ስታቀርብ "ዶሮው እየመጣ ነው፤ ይህ ሆድ ማሟሻ ነው" ብላ ብትናገር ይበቃል። ጉርሻውም አይቅር፤ አንድ ጊዜ ጎርሶ "በቃኝ" ያለውን ሰው ግን "በሞቴ፣ አፈር ስሆን" እያልን ሦስተኛ አንደርብበት። በተለይ ግፊትና ስኳር ያለበት ሰው እምቢ ሲል ንቀት አይደለም፤ ማግስቱን እያሰበ ነው።

ለመጪው በዓል ዝርዝር ስታወጡ ከዶሮው በላይ አንድ መስመር፣ ከዶሮው በታች አንድ መስመር ጨምሩ። ከላዩ ላይ ሾርባ ወይም ተልባ፣ ከታቹ ላይ ፓፓያ ወይም ብርቱካን ጻፉበት። የለስላሳውን ሳጥን በግማሽ ቀንሱ። ከተጋባዦቹ መካከል የስኳር መድኃኒት የሚወስድ ካለ አስቀድማችሁ ደውላችሁ በስንት ሰዓት ምሳ እንደሚበላ ጠይቁት፤ ሾርባው በዚያ ሰዓት ይድረስለት።

ገበታችሁ ይባረክ።